«ይሰማል?» የቪዲዮ ጥሪ ድምፅና ምስል የት ላይ ነው የሚጠፋው?

የኦንላይን ስብሰባ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ «ይሰማል?» ይላል። ሌላው «እኛ እንሰማሃለን፣ አንተስ?» ይላል። ሦስተኛው አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ የለም። አራተኛዋ ደግሞ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ አሁንም ትወጣለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያገኘውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። ሴቲንግ ይከፍታል፣ ማይኩን ነቅሎ ይሰካል፣ አፑን አጥፍቶ ያበራል። አንዳንዴ ይሠራል። ግን የቱ እንዳስተካከለው ስለማይታወቅ፣ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። የባሰው ደግሞ ደህና የነበረውን ሴቲንግ አብሮ ማበላሸት ነው። አንድ ችግር የነበረበት ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሦስት ይዞ ይቀመጣል።

ነገሩን የሚያቀለው መንገዱን ማወቅ ነው። ድምፃችሁ ከአፋችሁ ወጥቶ ሌላው ሰው ጆሮ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ማይኩ ራሱ አለ። ከዚያ ማይኩን የሚያዘው ሲስተም፣ ማለትም ዊንዶውስ፣ ማክ፣ አንድሮይድ ወይም አይፎን አለ። ቀጥሎ አፑ ወይም ብሮውዘሩ። ከዚያ ኔትወርኩ። በመጨረሻ የወዲያኛው ሰው መሣሪያ፣ ከነሲስተሙ፣ ከነአፑ፣ ከነስፒከሩ። የካሜራው ምስልም የሚሄደው በዚሁ ነው። ሥራው እንደ ውሃ መስመር ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ሁሉ መፍታት ሳይሆን እስከ የት እንደደረሰ ማየት ይቀድማል።

የማይሰማው ማነው?

ምንም ሳትነኩ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ነው። ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው ካለ መልሱ በሰከንድ ይገኛል። ሁሉም ሲሰማችሁ አንድ ሰው ብቻ ካልሰማችሁ፣ ችግሩ እሱ ጋ ነው። እናንተ ማይካችሁን ባትነኩት ይሻላል። ማንም የማይሰማችሁ ከሆነ ችግሩ እናንተ ጋ ነው። እነሱ እርስ በርስ እየተደማመጡ እናንተ ብቻ የማትሰሙ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የማይክ ሳይሆን የስፒከር ነው። ሲጻፍ ግልጽ ይመስላል። ግን የጓደኛቸው ስፒከር ስለጠፋ የራሳቸውን ማይክ ሲፈታቱ የሚውሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ጥሪው የሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ይህ መለያ አይሠራም። ያኔ ኢንተርኔቱን ከነገሩ ማውጣት ነው። የድምፅ መቅጃ አፕ ክፈቱ፤ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ አብሮ የመጣ አለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና መልሳችሁ አዳምጡ። ጥርት ብሎ ከተሰማ በአንድ ሙከራ ሁለት ነገር አረጋገጣችሁ፦ ማይኩ ቀድቷል፣ ስፒከሩ አሰምቷል። ለካሜራውም ዊንዶውስ ላይ ካሜራ የሚለውን አፕ፣ ማክ ላይ ፎቶ ቡዝን ክፈቱ። ምስላችሁ ከታየ ካሜራው አልሞተም። እዚህ ካልሠራ ግን ዙምን አጥፍቶ እንደገና መጫን ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ከዙም በፊት ነው።

ብዙ አፖች የራሳቸው መሞከሪያም አላቸው። ዙም የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ማይክና ስፒከር መፈተሻ አለው። ማይክሮሶፍት ቲምስ ደግሞ የሙከራ ጥሪ አለው፤ ድምፃችሁን ቀድቶ መልሶ ያሰማችኋል። ከስብሰባ በፊት ይህን መሞከር ከስብሰባ በኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ ያድናል።

ፈቃድ፦ አብዛኛው ጣጣ ያለበት

የመጀመሪያው ዌብካም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተተከለ ነው። ሥራው አንድ የቡና ማፍያ ማሳየት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ቡና አለ የለም የሚለውን ለማየት ደረጃ እንዳይወርዱ። ያን ካሜራ ማን ይየው የሚል ጭንቀት አልነበረም። ዛሬ ግን ካሜራው መኝታ ቤታችን ድረስ ገብቷል። ስለዚህ ሲስተሞቹ በር ላይ ዘበኛ አቁመዋል፤ አፑ ካሜራና ማይክ ለመንካት ማስፈቀድ አለበት። ጥሩ ነገር ነው። ግን አንዴ ሳናነብ «አትፍቀድ» የሚለውን ተጭነን እንረሳዋለን።

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ፕራይቬሲ የሚለው ውስጥ ካሜራንና ማይክራፎንን ለየብቻ ታገኛላችሁ። እዚያ ያለው ማብሪያ አንድ ብቻ አይደለም። ላይኛው ለኮምፒውተሩ በሙሉ ነው። ቀጥሎ አፖች ይጠቀሙ የሚል አለ። ወረድ ሲባል ደግሞ የዴስክቶፕ አፖች ይጠቀሙ የሚል ሌላ ማብሪያ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህችኛዋ ላይ ነው። ከኢንተርኔት አውርዳችሁ የጫናችሁት የስብሰባ አፕ ብዙ ጊዜ የዴስክቶፕ አፕ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው የካሜራ አፕ ግን ከዚያ ጎራ አይደለም። ስለዚህ የካሜራው አፕ ፊታችሁን ቁልጭ አድርጎ እያሳየ፣ የስብሰባው አፕ ጥቁር ሊሆን ይችላል። «ካሜራው ይሠራል፣ አፑ ነው የተበላሸው» ከማለታችሁ በፊት ይህችን ማብሪያ እዩ።

ማክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው፣ ሞሃቪ ከሚባለው ሲስተም ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ ካሜራና ማይክ ያስፈቅዳል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ስክሪን ማጋራትም ፈቃድ የሚፈልግ ሆነ። ፈቃድ ከሰጣችሁ በኋላ አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ መክፈት አትርሱ። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ማክ ላይ መስኮቱ ሲዘጋ አፑ ከጀርባ እንደተከፈተ ሊቆይ ይችላል።

በብሮውዘር የምትገቡ ከሆነ ፈቃዱ ድርብ ነው። ሲስተሙ ለብሮውዘሩ፣ ብሮውዘሩ ደግሞ ለድረ ገጹ መፍቀድ አለበት። አንዴ ድረ ገጹን ከከለከላችሁት ብሮውዘሩ ያንን ይይዝና ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። ዝም ብሎ አይሠራም። አድራሻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭናችሁ ካሜራና ማይክን ፍቀዱ፣ ከዚያ ገጹን እንደገና ጫኑት። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) የማይጀምር ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ብትሰጡም ዋጋ የለውም። ዘመናዊ ብሮውዘሮች ደህንነቱ ያልተጠበቀ ገጽ ካሜራ እንዲነካ አይፈቅዱም።

ሌላም አለ። የስብሰባው ሊንክ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይመጣላችኋል። ስትነኩት እዚያው አፑ ውስጥ ባለች ትንሽ ብሮውዘር ይከፈታል። ብዙ ጊዜ እሷ ውስጥ ካሜራም ማይክም እሺ አይልም። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ክሮም ወይም ሳፋሪ ላይ ክፈቱት።

ስልክ ላይ አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ። ከአይኦኤስ 14 ወዲህ አይፎን አናት ላይ፣ ካሜራ ሲከፈት አረንጓዴ፣ ማይክ ብቻ ሲከፈት ብርቱካናማ ነጥብ ይበራል። አንድሮይድም ከ12 ጀምሮ አረንጓዴ ምልክት አለው። ጥሪ ላይ እያላችሁ ነጥቧ ከሌለች፣ አፑ ማይኩን ጭራሽ አላገኘውም። ወደ ፈቃድ ሂዱ። ነጥቧ እያለች ድምፅ ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንድሮይድ 12 ከላይ በሚወርደው የአቋራጭ ቁልፎች ዝርዝር ውስጥም ካሜራንና ማይክን ለሁሉም አፕ አንዴ የሚያጠፋ ቁልፍ አምጥቷል። ልጅ ስልኩን ከያዘው እዚያ ማየት አይከፋም።

ሁሉም በርቷል፣ ግን የተመረጠው ሌላ ነው

ፈቃዱ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ምርጫ ነው። አንድ ላፕቶፕ የራሱ ማይክ አለው። ውጪ የሰካችሁት ዌብካምም ማይክ አለው። ሄድፎኑም አለው። በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኘው ሞኒተር ደግሞ ስፒከር ባይኖረውም እንደ ድምፅ ማውጫ ሊቆጠር ይችላል። አፑ ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፤ ሁልጊዜም እናንተ የምትፈልጉትን አይደለም። ድምፅ «ጠፋ» ሲባል አንዳንዴ ወደ ሞኒተሩ እየሄደ ነው። ካሜራም እንደዚሁ ነው። ኦቢኤስን የመሰለ የቪዲዮ መቅጃና ማሰራጫ ፕሮግራም ከጫናችሁ ምናባዊ ካሜራ ይፈጥራል፤ አፑ እሱን ይመርጥና ባዶ ምስል ያሳያል።

ዙም ላይ ከማይኩ ምልክት ጎን ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ስትነኩ የማይኮችና የስፒከሮች ዝርዝር ይወጣል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ማይክ መርጣችሁ ስትናገሩ የሚንቀሳቀሰውን የድምፅ መለኪያ ተመልከቱ። እየዘለለ ከሆነ ድምፃችሁ አፑ ድረስ ደርሷል። ካልተንቀሳቀሰ እስከዚያ ድረስ ያለውን ብቻ ፈትሹ።

ሲስተም ከመክሰስ በፊት የሚነካ ቁልፍም አለ። ብዙ ሄድፎን ገመዱ ላይ ወይም ጆሮው ላይ የራሱ ሚውት አለው። አፑ ላይ ማይካችሁ ክፍት ይመስላል፣ ሄድፎኑ ግን ዘግቶታል። አንዳንድ ላፕቶፕ ካሜራው ላይ የምትንሸራተት መክደኛ አለው፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሳያውቁ ትዘጋለች። ሌሎቹ ኪቦርዱ ላይ የካሜራ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አላቸው። አንቲቫይረስም ካሜራ የሚከለክልበት ጊዜ አለ።

ዊንዶውስ ላይ «ካሜራው ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት ካያችሁ ሌላ አፕ ይዞታል። ብዙ ጊዜ አንድ አፕ ከያዘው ሌላው አያገኘውም። ትናንት የተከፈተ የብሮውዘር ገጽ ወይም ከጀርባ የተደበቀ አፕ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ደግሞ በቪዲዮ ስብሰባ መሀል መደበኛ ጥሪ ሲመጣ ማይኩን ይወስደዋል። መደበኛውን ጥሪ ዘግታችሁም ማይኩ ካልተመለሰ፣ ከስብሰባው ወጥታችሁ ግቡ።

የገመድ ኢርፎን የምትጠቀሙ ሰዎች መሰኪያውን ተመልከቱ። ብረቱን የሚከፋፍሉ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። ሁለት ከሆኑ ድምፅ መስሚያ ብቻ ነው። ሦስት ከሆኑ ማይክም አለው። ግን ኮምፒውተራችሁ ለማይክና ለስፒከር የተለያየ ቀዳዳ ካለው፣ ባለ ሦስት ቀለበቱን አንዱ ላይ ብትሰኩት መስማት እንጂ መናገር አይሆንም። ለሁለት የሚከፍል አስማሚ ያስፈልጋል።

ብሉቱዝ ድምፁን ለምን ያበላሸዋል?

ሙዚቃ ስትሰሙበት ልብ የሚያጠፋ ሄድፎን፣ ስብሰባ ስትገቡ እንደ ድሮ ሬዲዮ የሚታፈነው ተበላሽቶ አይደለም። ብሉቱዝ ድምፅ የሚልክበት ከአንድ በላይ አሠራር አለው። የሙዚቃው ጥራቱ ከፍ ያለ ነው፤ ግን የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ጆሯችሁ ብቻ። የስልክ ጥሪው አሠራር ሁለቱንም አቅጣጫ ይይዛል፤ በምትኩ ጥራቱን ይቀንሳል። የቆየው ዓይነት ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ ሻል ያለው 16,000 ጊዜ። የሙዚቃ ሲዲ 44,100 ጊዜ ነው። አፑ የሄድፎኑን ማይክ በከፈተበት ቅጽበት ሄድፎኑ ወደ ጠባቡ መንገድ ይገባል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል።

መላው ቀላል ነው። ለመስማት ብሉቱዙን፣ ለመናገር የላፕቶፑን ማይክ ምረጡ። የሄድፎኑ ማይክ ስለማይከፈት ጥራቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሌላ ሄድፎን ይገዛል።

አንዳንድ ዊንዶውስ ላይ አንዱ ሄድፎን በሁለት ስም ተዘርዝሮ ይታያል፤ አንዱ ስቴሪዮ (የሙዚቃው)፣ ሌላው ሃንድስ ፍሪ (የጥሪው)። ስፒከሩን ስቴሪዮ፣ ማይኩን ሃንድስ ፍሪ ካደረጋችሁ ድምፅ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም ሃንድስ ፍሪ አድርጉ፣ ወይም ከላይ እንዳልኩት ማይኩን ከላፕቶፑ ውሰዱ። ሄድፎኑ በድብቅ ከስልካችሁ ጋር ተገናኝቶ እንዳይሆንም እዩ። በበኩሌ ለቁም ነገር ስብሰባ ርካሽ የገመድ ኢርፎን ከውድ ብሉቱዝ ይሻለኛል። ባትሪው አያልቅም፣ ከማን ጋር ልገናኝ ብሎም አያመነታም።

የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ነው

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስት ችግር ነው። የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ ሲያስተጋባ የምትነኩት የራሳችሁን ማይክ ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ድምፃችሁ በእሱ ስፒከር ይወጣል፣ እዚያው ክፍል ውስጥ በእሱ ማይክ ይገባል፣ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። እሱ ምንም አይሰማውም፤ ሥቃዩ የእናንተ ብቻ ነው። «ማሚቶ ያለው ማነው?» ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፤ ያለበት ሰው አያውቀውማ።

አፖቹ ይህን የሚከላከል ዘዴ አላቸው። በስፒከር የሚወጣውን ድምፅ ያውቁታል፤ በማይክ ሲመለስ ይቀንሱታል። ስፒከሩ በጣም ከጮኸ ወይም ማይኩ አጠገቡ ከሆነ ግን አይችሉትም። ሰብሳቢው ሰዎችን አንድ በአንድ ሚውት እያደረገ ይሞክር። ማሚቶው የማን ማይክ ሲዘጋ እንደጠፋ ይታያል። ያ ሰው ኢርፎን ያድርግ፤ ከሌለው ስፒከሩን ይቀንስ።

ጆሮ የሚበሳው ጩኸት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሣሪያ አንድ ስብሰባ ላይ ሲገቡ የአንዱ ስፒከር የሌላውን ማይክ እየመገበ ይዞራል። አንዱ ላይ ማይኩም ስፒከሩም ይጥፋ። ማይኩን ብቻ መዝጋት አይበቃም።

ኔትወርኩን መቼ እንክሰሰው?

ኢንተርኔት ሁሌ የመጀመሪያ ተከሳሽ ነው። ግን ምልክቶቹ ይለያያሉ። ድምፅ እንደ ሮቦት ሲሆን ወይም ቃል ሲውጥ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋ መረጃ አለ። ምስሉ ሲደበዝዝና ካሬ ካሬ ሲሆን ፍጥነቱ ጠቧል። ንግግር ሲዘገይና ሰዎች እየተጋጩ ሲናገሩ መዘግየቱ በዝቷል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ነው።

ምስሉ የሚንገጫገጨው እናንተ ራሳችሁን በምታዩበት ትንሽ መስኮት ውስጥ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱን ተዉት። ያ ምስል በኔትወርክ አይሄድም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብርሃን ነው። ክፍሉ ሲጨልም ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ምስል ረዘም አድርጎ ያነሳል፤ በሰከንድ የሚያነሳቸው ምስሎችም ይቀንሳሉ። ከፊታችሁ መብራት አብሩና እዩት። በዩኤስቢ ማከፋፈያ የተሰካ ዌብካምም እንዲሁ ያስቸግራል፤ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት።

በእርግጥም ኔትወርኩ ከሆነ፣ የምትልኩበት ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከምታወርዱበት እንደሚያንስ አስታውሱ። ዩቲዩብ ያለችግር እያያችሁ ለሌሎች ግን ልትቆራረጡ የምትችሉት ለዚህ ነው። ድምፅ የሚፈልገው ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ንግግሩ ወዲያው ይስተካከላል። ወደ ዋይፋዩ ቅረቡ፣ ከተቻለም በኬብል ተገናኙ። የክላውድ ባክአፕና ማውረድ ካለ ለጊዜው አቁሙት።

ጽሑፍ እየሄደ ጥሪው «በመገናኘት ላይ» ብሎ ከቀረ ግን የፍጥነት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የጥሪ ድምፅና ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት ዩዲፒ በሚባል መንገድ ነው። አንዳንድ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኔትወርኮች ይህን ይዘጋሉ። ቪፒኤንም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ቪፒኤኑን አጥፉ፤ ካልሆነ በስልካችሁ ዳታ ሞክሩ። በዳታ ከሠራ መሣሪያችሁ ጤነኛ ነው፤ መነጋገር ያለባችሁ ኔትወርኩን ከሚያስተዳድረው ሰው ጋር ነው።

ስትነግሩትም «ካሜራዬ አይሠራም» ብላችሁ አትተዉት። መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ በአፕ ነው በብሮውዘር፣ መቅጃው ላይ ድምፃችሁ እንደተሰማ፣ የማይሰማችሁ ሁሉም ነው ወይስ አንድ ሰው፣ በሌላ ኔትወርክ እንደሠራ ንገሩት። እስኪመልስላችሁ ድረስ ስብሰባውን በስልካችሁ ግቡ። የላፕቶፑን ማይክና ስፒከር ግን ዝጉ።